የቆቅ ምሳ ዘር

በሮቢት የስስታም ሴት ምሳሌ ሲፈለግ የኔ ስም የሚጠራበት ዘመን ነበር። ወርቅነሽ እባላለሁ። ከጎሊና ወንዝ የተጠለፈ ቦይ የሚያጠጣት ትንሽ ጓሮ አለችኝ፤ ቃሪያ፣ ሽንኩርትና ጎመን አበቅልባትና ቆቦ ገበያ ወስጄ እሸጣለሁ። በሽንኩርት አልሰስትም፤ ገዢዬን አንድ ራስ መርቄ ነው የምሸኘው። ስሜን ያስነሳው ሌላ ነገር ነው፤ አንዲት የዱር ሐረግ።

ሐረጓን የቆቅ ምሳ እንላታለን። ዘመዷ አተር ይመስለኛል፤ ቅጠሏም አካሄዷም የአተር ነው። አበባዋ ወይን ጠጅ፣ ፍሬዋ ግራጫ ሆኖ ነጠብጣብ ያለበት። ድሮ በዞብል ተራራ ጥግ በእሾህ ቁጥቋጦ ላይ ተጠምጥማ በብዛት ትታይ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎች። አንዱ ቅርፊት ከሦስት ፍሬ በላይ አይዝም፤ እሱም ደርቆ ፀሐይ ሞቅ ስታደርገው ጠሽ ብሎ ይፈነዳና ፍሬውን ወዲያ ወዲህ ይበትነዋል። ከሥር ቆቅ ቆማ ትጠብቃለች። ስሟ ከዚያ መጣ። ለአራስ ወተት ታመጣለች ስለሚባል ሴቶች ይፈልጓታል፤ ግን ተቀቅላ ሦስት ጊዜ ውሃዋ ካልተደፋ ምሬቷ አያስቀምስም፣ ሆድም ትቆርጣለች። ሰው ይወዳታል፣ ፍየል ይወዳታል፣ ቆቅ ይወዳታል። ሁሉ የሚወደው ነገር ደግሞ ዕድሜ የለውም። እኔ ተድሬ ሮቢት ስመጣ ተራራው ላይ ፈልጎ ያገኛት ሰው እንደ ዕድለኛ ይቆጠር ነበር። በጓሮዋ ያላመደቻት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ጎረቤቴ ኡሙልኸይር።

የኡሙልኸይር ወገኖች የቆላ ሰዎች ናቸው፤ ግመልና ፍየል ያረባሉ፣ ማሽላም ያርሳሉ። የኔ አባት ከኮረም ወርዶ ቆቦ የቀረ ነጋዴ ነው። ከአንድ ቦይ ነበር የምናጠጣው፤ ትውውቃችንም በጠብ ተጀመረ። በኔ ተራ ውሃውን ወደ ጓሮዋ መልሳ አገኘኋትና ዶማዬን ይዤ ሄድኩ። እሷም ዶማዋን ይዛ ቆመች። ልሳደብ አፌን ስከፍት እግሯ ሥር ያለችው አበባ ዓይኔን ያዘችው። «ይቺ ምንድን ናት?» አልኳት። ሳቀች። ውሃውን አልመለሰችልኝም፤ አበባዋን ግን ቁጭ ብላ አሳየችኝ። ከዚያ ወዲህ አንዴ እየተጣላን አንዴ እየታረቅን ዐሥራ አንድ ዓመት ኖርን።

እኛ የጓሮ ሴቶች አንድ ልማድ አለን። የምንሳሳለትን ዘር በገዛ ቤታችን አናስቀምጥም፤ የኔ በጎረቤቴ ቤት፣ የጎረቤቴ በኔ ቤት ይቀመጣል። ልማዱን አጥብቀው የሚያስጠብቁት እማ ሙሚና ነበሩ፤ በሰፈራችን በዕድሜም በምላስም የሚቀድማቸው አልነበረም። «የራስሽን ዘር ክፉ ቀን ሲመጣ ቆርጥመሽ ትበይዋለሽ» ይሉ ነበር፤ «የሰው አደራ ግን ጉሮሮ ላይ ይቆማል።» እናም አባቴ ያወረሰኝ የበርበሬ ዘር በኡሙልኸይር ቤት፣ የሷ የቆቅ ምሳ ደግሞ በኔ ቤት ተቀመጠ። በፍየል ቆዳ ከረጢት፣ ሁለት እፍኝ ሙሉ።

ሰባ ሰባት መጣ። ዝናቡ ከቀረ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። የኡሙልኸይር ፍየሎች አለቁ፣ የጓሮዋ ሐረግ ደረቀች፤ ተራራው ላይ የቀረችውንም ሰው ከነሥሯ ነቅሎ በላት። በታኅሣሥ ባሏ ሙሀመድሰይድ ለሰፈራ ተመዘገበ፤ ወለጋ ለም ነው፣ ዝናብ አይቋረጥም ተብሎ ነበር። ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ኡሙልኸይር መጣች።

«ያንችን በርበሬ ይዤው እሄዳለሁ» አለችኝ፤ «ባዶ ቤት አልተወውም። የኔን አንች ጠብቂልኝ። አገር ሲያገግም መጥቼ እወስዳለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

«አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ!» አልኳት። ማንም አላስገደደኝም፤ በገዛ አፌ ነው ያልኩት።

በየካቲት ባሌ ኃይሉ ሞተ። ልጄ ለተ ብርሃን ሦስት ዓመቷ ነበር፤ እሱን በቀበርን በሳምንቱ ማልቀስ ተወች። የሚያለቅስ ልጅ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ዝም ሲል ነው። ቆቦ ለርዳታ እህል ተመዝግቤ ነበር፤ ተራሽ ከአራት ቀን በኋላ ነው አሉኝ። ከረጢቱን አወረድኩ። ዐሥር ፍሬ ብቻ አልኩ። ቀቀልኩ፣ ውሃውን ደፋሁ፤ ሦስት ጊዜ እንደዚያ አደረግኩ። አድቅቄ በጣቴ ከንፈሯ ላይ አኖርኩላት። ዋጠች። ማታም ዐሥር ብቻ አልኩ። በነጋታው መቁጠሩን ተውኩት። እኔም በልቻለሁ፤ ለልጄ ብቻ ነው ብዬ አልዋሽም። ተራዬ ደርሶ ስንዴ ተሸክሜ ስመለስ ከረጢቱ ግርጌ የቀረው ዐሥራ ዘጠኝ ፍሬ ነበር።

ለተ ብርሃን ዳነች። በአምስተኛው ቀን አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ደስታዬ ግን ከረጢቱን ባየሁ ቁጥር ይጠፋል። በኛ አገር አደራ በላ ከመባል ሌባ መባል ይሻላል።

የዚያው ዓመት ክረምት ዘነበ። መጀመሪያ ያደረግኩት ዞብል መውጣት ነው። ልጄን ለእህቴ ትቼ ሁለት ቀን ተራራውን ሳስስ ዋልኩ። አንድ የግመል እረኛ አገኘሁና ምን እንደምፈልግ ነገርኩት። ሽማግሌ ነው፤ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እናንተ አይደላችሁ የበላችኋት?» አለኝ። ባዶ እጄን ወረድኩ።

ዐሥራ ዘጠኙን ዘራኋቸው። የፍሬዋ ልባስ ጠጠር እንደሆነ አላወቅኩም ነበርና የበቀሉት ሰባት ብቻ ናቸው፤ በአሸዋ አሽቶ መዝራትን የተማርኩት በሁለተኛው ዓመት ነው። ሰባቱ ቡቃያዎች ራሳቸውን ቀና ሲያደርጉ ግን ልቤ አብሮ ቀና አለ፤ አንድ ነገርም ወሰንኩ። ኡሙልኸይር ሳትመለስ ከረጢቱን እንደነበረ አድርጌ እሞላዋለሁ። ከሞላ ማን ያውቃል? እግዜር ያውቃል፤ እግዜር ግን ሐሜተኛ አይደለም።

ለቆቅ አንዲት ፍሬ አልሰጥም ብዬ ነጠላዬን ቀደድኩ። ቅርፊቱ መድረቅ ሲጀምር በእያንዳንዱ ላይ ጨርቅ አስራለሁ፤ ቢፈነዳም እዚያው ውስጥ ይፈነዳል። በየማለዳው ፀሐይ ሳትወጣ ሐረግ በሐረግ እየዞርኩ በጣቴ እዳስሳለሁ። ጓሮዬ ነጭ በነጭ ሆነ። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ይስቃል። እማ ሙሚና «ወርቅነሽ ልጇን አራቁታ አተር ታለብሳለች» አሉ፤ ነገሩ ሲዛመት እስከ ጎብዬ ከተማ ደረሰ። እኔም ከሳቂዎቹ ጋር ስቄ አልፋለሁ፤ ውስጤ ግን አይስቅም።

የመጀመሪያው ዓመት ፍሬ የከረጢቱን ሩብ እንኳ አልሞላም። በዚያው ሰሞን እማ ሙሚና ራሳቸው መጡ። የልጃቸው ሚስት ራህመት ወልዳ ወተት አልወርድ ብሏት ነበር።

«አንድ እፍኝ ስጪኝ፤ ቀቅዬ ላብላት» አሉኝ። ከቦታዬ ሳልነቃነቅ ሲያዩ፣ «እሱ ከበዛብሽ አምስት ፍሬ ስጪኝ፣ ለከርሞ እኔም ልዝራት።»

«የኔ አይደለም፣ እማ ሙሚና። የኡሙልኸይር አደራ ነው።»

ቃሉ እውነት ነበር። በእውነት ቃል እንደዚያ የሚያሳፍር ውሸት ግን ተናግሬ አላውቅም። እማ ሙሚና ትክ ብለው አዩኝ። «ኡሙልኸይር ብትኖር ትሰጠኝ ነበር» ብለው ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። የራህመት ልጅ በጎረቤት ፍየል ወተት አደገ፤ እማ ሙሚና ግን ሰላምታ ነሱኝ። ከሳቸው በኋላም ሌሎች መጡ፣ ሌሎችም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሹ ሳይቀር በስብሰባ ላይ ዘር መደበቅ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው ብሎ ተናገረ፤ ስሜን አልጠራም፣ ሁሉም ሰው ግን ዞሮ እኔን አየ። ስስታምነቴ የተመሰከረው ያን ቀን ነው።

ኅዳር ሰባ ዘጠኝ ላይ አንድ እፍኝ ተኩል ደርሼ ነበር። የቀረኝ ግማሽ እፍኝ ነው። አንድ ጠዋት አጎንብሼ ጨርቅ ስፈታ አጥሬን የተደገፈች ሴት አየሁ። ከስታለች፣ ጠቁራለች። አላወቅኳትም። ከዚያ ሳቀች።

እንዴት እንደተቃቀፍን አላስታውስም። እጄ ያገኘው አጥንቷን ብቻ ነበር። እግሯን ሳጥባት ሁሉንም ነገረችኝ፤ ሙሀመድሰይድን ወባ እንደገደለው፣ እዚያው እንደቀበረችው፣ ከሰፈራው ጠፍታ አንዳንዴ በእግር፣ አንዳንዴ በጭነት መኪና ሁለት ወር እንደተጓዘች። አለቀስን። ከኔ እንባ ግማሹ ፍርሃት ነበር።

ለተ ብርሃንን ታቅፋ ጓሮውን ዞር ዞር ብላ አየች።

«ያረቢ! ይሄን ሁሉ ነጠላ ማንን ነው ያለበሽሽው?»

«ያንችን ሐረግ ነው።»

ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ዘሬ ደህና ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው» አልኩ።

ቤት ገባሁ። ከረጢቱ ከተሰቀለበት ሥር ጓያ የያዘ ቁና ነበር። ጓያም ግራጫ ነው፤ ጓያም ነጠብጣብ አለበት። ሳላስበው እጄ ገባ ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን አስቤበታለሁ። ግማሽ እፍኝ ዘግኜ ከረጢቱ ውስጥ ጨመርኩና ነቅንቄ ቀላቀልኩት። ሞላ። ይዤው ወጣሁ።

ኡሙልኸይር ከረጢቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። ፈታ አላየችውም። ሳመችው፣ ደረቷ ላይ አስጠጋችው፣ ከዚያ ፊቷን ቀበረችበትና ትንሰቀሰቅ ጀመር።

«ምነው ኡሙ? ምን ሆንሽ?»

«ያንችን በርበሬ አላመጣሁም» አለች። «አንዲት ፍሬም አላመጣሁ። እዚያ ስንደርስ በርበሬ የሚባል ነገር የለም። አንዲት የላስታ ሴት ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት። ሌላዋ ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት። ላንች ብዬ ያስቀረሁትን ደሞ ሙሀመድሰይድ ሲታመም በኪኒን ለወጥኩት። ኪኒኑም አላዳነው። አደራሽን በላሁ፣ እታለም። ሁለት ወር ሙሉ በመንገድ ‹እንዴት ብዬ ዓይኗን አየዋለሁ› እያልኩ ነው የመጣሁ። አንች ደሞ ይኸው የኔን ፍሬ ሳታጎድይ...»

ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም። ከረጢቱን ከእጇ ነጥቄ ሰፌድ ላይ ዘረገፍኩት።

«እይው» አልኳት። «ይሄ ጓያ ነው። ይሄም ጓያ ነው።»

የኃይሉን ሞት፣ የልጄን ዝምታ፣ አራቱን ቀን፣ ዐሥራ ዘጠኙን ፍሬ፣ አሁን እቤት ገብቼ ያደረግኩትንም ሳይቀር ነገርኳት። ስናገር ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም፤ ሰፌዱን ነበር የማየው።  ዐሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው በዚያች ሰዓት ከእጄ የወጣ መሰለኝ።

ከዚያ እጇ ሰፌዱ ላይ መጣ። ጓያውን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። እኔም ለቀምኩ። ጓያው እስኪያልቅ ለቀምን።

«ውሃውን ሦስቴ ደፋሽው?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ደፋሁት።»

«ሆዷን አልቆረጣትም?»

«አልቆረጣትም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ጭኗን ተንተርሳ የተኛችውን የለተ ብርሃንን ጸጉር ዳበሰች። ደረቴ ውስጥ ሁለት ዓመት ታስሮ የኖረ ነገር ላላ አለ። ነገሩ በዚያው ቢያልቅ ደስታዬ ነበር።

«ለእነማን ሰጠሽ ታዲያ?» አለችኝ ቀጥላ።

«ለማንም።»

«እንዴት ለማንም?»

«እማ ሙሚና ጠይቀውኝ ነበር፤ ራህመት ወልዳ። ከለከልኳቸው። ከረጢቱን መሙላት ነበረብኛ!»

ኡሙልኸይር ስትቆጣ አይቻለሁ፤ በውሃ ተራ ስንቴ ተጣልተናል። እንደዚያ ቀን ግን አይቻት አላውቅም። የልጄን ራስ ቀስ አድርጋ አንስታ ብድግ አለች።

«መብላቱን በላሽ፤ የራበው ይበላል። መከልከሉን ማን አስተማረሽ? ያውም ለአራስ ሴት! ያውም በኔ ስም!»

«አደራሽን ልሞላ ብዬ እኮ...»

«የኔ አደራ ይሄ ነው? ተነሽ። ዘሩን ወደ ከረጢቱ መልሽና ያዥው። በገዛ እጅሽ ትሰጫቸዋለሽ፣ በገዛ አፍሽም ትነግሪያቸዋለሽ።»

ከኔ ቤት እስከ እማ ሙሚና ቤት መቶ እርምጃ አይሞላም። እኔ ግን ቆቦ ደርሼ የተመለስኩ ያህል ደከመኝ።

እማ ሙሚና በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ማሽላ ይለቅሙ ነበር። ኡሙልኸይርን ሲያዩ ብድግ አሉ፤ ማሽላው ተደፋ። ግንባሯን፣ ትከሻዋን፣ እጇን እያገላበጡ ሳሟት፣ መረቋት፣ አለቀሱ። እኔን እንዳላዩ ሆኑ። ራህመት ልጇን አዝላ መጥታ ቆመች። ኡሙልኸይር በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«እማ ሙሚና» አልኩ። «አምና የከለከልኩዎት አደራ ስለሆነ አይደለም። አደራውን በልቼው ስለነበረ ነው፤ በሰባ ሰባት። የበላሁትን ልተካ ብዬ ነው የከለከልኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

ያን ምላሳቸውን ጠበቅኩ። ከሳቸው ቤት ወጥቶ ጎብዬ ሳይደርስ የማይመለስ ስም እንደሚሰጡኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እሳቸው ግን መሬት የተደፋውን ማሽላ ነበር የሚያዩት።

«ራህመት፣ ልጁን ይዘሽ ግቢ» አሉ። እስክትገባ ጠበቁ። «የጎረቤቴ የሀጀራ የምስር ዘር እኔ ቤት ነበር። አይጥ በላው ብያታለሁ። እስከ ዛሬ አይጥ ስትረግም ትኖራለች።»

ኡሙልኸይር ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅኩ፣ ግድግዳውን ይዤ ሳቅኩ። እማ ሙሚናም ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ግን አልቆየም።

«ሳቁ እናንተስ» አሉ። «አንች ልጅሽን አዳንሽበት፤ ይች ደሞ የያዘችውን ለሰው ሰጠችው። እኔ ግን ብቻዬን ነው የበላሁ። ልጆቹ እህል ፍለጋ በወጡበት፣ በሩን ዘግቼ፣ ለራሴ። ዕድሜ ልኬን ጉሮሮ ላይ ይቆማል ስላችሁ ኖሬ! አልቆመም። ጣፈጠኝ።»

ያን ያህል የምፈራቸው ሴት ትንሽ ሆነው ታዩኝና አንጀቴን በሉት።

ኡሙልኸይር እጃቸውን ያዘች። «አብሽሩ፣ እማ ሙሚና» አለቻቸው። «ባይበሉት ኖሮ እኔ ዛሬ ማንን መጥቼ እስም ነበር?»

እማ ሙሚና እጃቸውን አላስለቀቁም። እኔ የማጽናናት ተሰጥኦ የለኝም፤ ከሥራ ሌላ አላውቅም። «ሻርፕዎን ይዘርጉ» አልኳቸው። የትከሻቸውን ሻርፕ አውርደው ጭናቸው ላይ ዘረጉ። አንድ እፍኝ ልሰጥ ነበር የመጣሁት። አንድ እፍኝ ሰጠሁና ቆም አልኩ። ኡሙልኸይርን ዞር ብዬ አየኋት፤ በዓይኗ «ድፊው» አለችኝ። ከረጢቱን ገለበጥኩት። አንዲት ፍሬ ስፌቱ ውስጥ ተሰክታ ቀርታ ነበር፤ እሷንም በጥፍሬ አወጣሁና ጨመርኩላቸው።